ሸፈንኩት እንጂ አልነካሁትም

እናቴን የማውቃት ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ነበር። በቀረው ቀን የሰው ቤት ናት። ሮም ውስጥ ፊሳ ሆኖ የሚሠራ ሰው፣ ማለት አሠሪው ቤት እያደረ የሚሠራ፣ ዕረፍቱ ከነዚያ አያልፍም። እኔ ያደግኩት ኮሌጆ በሚሉት አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ መነኮሳት ዘንድ ነው። ሐሙስ ትመጣለች፤ ምን እንደበላሁ ትጠይቀኛለች፤ አውቶቡሱ እንዳያመልጣት ሰዓቷን እያየች ትሄዳለች። የበደለኝ ሰው የለም። እንደኔ ያደግን ብዙ ነን፤ አብዛኞቻችንም ደህና ነን።

ባለፈው መጋቢት የምትጦራቸው ሲኞራ ኤልቪራ ሲሞቱ ግን እናቴ ሥራዋንም ማደሪያዋንም ባንድ ጊዜ አጣች። የሲኞራዋ ልጆች ቤቱን ለመሸጥ ቸኩለው ነበር፤ ቤቱ የነሱ ነው፣ ምን ይባላል። ሻንጣዎቿን ይዛ ቶር ፒኛታራ ወዳለችው ክፍሌ መጣች። ምድር ቤት ያለች፣ በሯ ወደ ግቢው የሚከፈት አንዲት ክፍል ናት። አልጋዬን ለሷ ለቅቄ እኔ ተጣጣፊው ላይ ተኛሁ። በሁለታችን መካከል ደግሞ፣ ሁለት ወንበር ላይ ተጋድሞ፣ ሳንቃው ነበር።

ጣሊያኖቹ ታቮላ ይሉታል። ሳንቃ ያለችው እናቴ ናት። ገና ከበር ስትገባ አየችውና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ፣

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች።

«ሰርፍ የሚሠሩበት ነው። ማዕበል ሲመጣ ላዩ ላይ ቆመሽ ትሄጃለሽ።»

«ወዴት?»

«ወደ ዳር።»

«መጀመሪያውኑስ ዳር ላይ አልነበርሽም?»

ሻንጣዋን ከእጇ ተቀብዬ አስቀመጥኩት።

ባለፈው በጋ ሳንታ ማሪኔላ ባሕር ዳር እየሄድኩ በኪራይ ሳንቃ መቆም ተምሬያለሁ። የኪራዮቹ ለትልልቅ ወንዶች የተሠሩ ስለሆኑ ብብቴ ሥር አይገቡልኝም፤ ከውኃው ይልቅ አሸዋው ላይ ስጎትታቸው ነው የምደክመው። ምህንድስና ተምሬያለሁ። ሥራዬ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ የፍሳሽ ቱቦ መንደፍ ነው፤ ከነደፍኳቸው ቱቦዎች አንዱንም በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ራሴ ጀምሬ ራሴ የምጨርሰው አንድ ነገር ፈለግኩ። ከዚህ የበለጠ ምክንያት የለውም።

አዲስ ፍሪጅ ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ ተጠቅጥቆ የሚመጣው ነጭ ነገር፣ ፖሊስቲሮሎ የሚሉት፣ እዚህ አገር የሕንፃ ግድግዳ ላይም ብርድ እንዳያስገባ ይለጠፋል። ማዶ እድሳት ላይ ካለው ሕንፃ ትራፊውን ለምኜ አመጣሁ። እያጣበቅኩ ደራረብኩት፤ መሃሉ ላይ እንደ አከርካሪ አንድ ቀጭን እንጨት አስገባሁ፤ በመጋዝ ዙሪያውን ቆረጥኩት። የቀረው በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ቅርጽ ማስያዝ፣ በፋይበር ግላስ ጨርቅ ማልበስ፣ ከዚያ ሬዚን ማፍሰስ ነበር። ኢንተርኔት ላይ ሲያዩት አንድ ከሰዓት በኋላ የሚበቃው ይመስላል።

እናቴ ከኔ ጋር መኖር አታውቅም ነበር፤ እኔም ከሷ ጋር። ጎህ ሳይቀድ ትነሣለች። አልጋውን ሰው ያልተኛበት አስመስላ ታነጥፈዋለች። የቁም ሳጥኑን አጋማሽ ለቅቄላት ልብሷን ከሻንጣ አላወጣችም። ፍሪጁን ከመክፈቷ በፊት ዞር ብላ ታየኛለች። ከመታጠቢያው ወጥታ ወደ ክፍሉ ስትመለስ በር ታንኳኳለች።

«እማ፣ ቤትሽ ነው፤ አታንኳኪ።»

«ልብስ እየቀየርሽ ቢሆንስ?»

«ብሆንስ? ወልደሽኝ የለም እንዴ?»

«እሱ ድሮ ነው» አለች።

ቦታ ላለመያዝ የምታደርገው ጥረት ራሱ ቦታ ይይዝ ነበር። ቀን ከሥራ ስመለስ ቤቱ እንደ ሆቴል ሆኖ ይጠብቀኛል፤ የሷ የሆነ አንድ ነገር አይታይም፣ ጫማዋ እንኳ ከረጢት ውስጥ ነው። እንግድነቷን የምትረሳው ቴሌቪዥን ስታይ ብቻ ነበር። የጥያቄና መልስ ፕሮግራም አለ፤ ጠያቂው ተወዳዳሪዎቹን ያቻኩላቸዋል። አንድ ቀን ሳትሰማኝ በሩን ስከፍት ቆማ እየሰደበችው ደረስኩ። በጣሊያንኛ፣ የሮም ባለጌ በሚናገረው ጣሊያንኛ። ስታየኝ ድምፁን ቀንሳ ተቀመጠች።

እትዬ ወርቅነሽ የመጡት በዚህ መካከል ነው። የእናቴ ጓደኛ ናቸው፤ ሮም ውስጥ ሥራ የፈታች አበሻ ሁሉ መጀመሪያ የምትደውለው ለሳቸው ነው። የማን እናት ወድቃ ዳሌዋ እንደተሰበረ፣ የትኛው ቤተሰብ ጨዋ እንደሆነ፣ የትኛው አባት መርሳት እንደጀመረ ከልጆቹ ቀድመው ያውቃሉ።

«ፔሩጃ ነው» አሉ፣ ሳንቃውን ላለመንካት ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው እየሳቡ። «አንድ ሽማግሌ ነው። ሚስቱ ሞታለች፤ ትንሽ ይረሳል እንጂ አያስቸግርም። ለብቻሽ ክፍል፣ ለብቻሽ መታጠቢያ፣ ኮንትራቶው በሕጉ። ለሰኔ መጀመሪያ ይፈልጉሻል።»

«ፊሳ ነው?» አለች እናቴ።

«ታዲያስ። በሰዓት፣ አ ኦሬ ካልሽ እኮ የሚፈልጉት ወጣት ነው፤ ከቤት ቤት እየሮጠች የምታጸዳ። አንቺ ደግሞ አሴ፣ ጉልበትሽን ታውቂዋለሽ።»

እናቴ አየችኝ። እኔ ሳንቃውን አየሁ።

«ላስብበት» አለች።

«አስቢበት። ብዙ ግን አታስቢ፤ ሽማግሌ አይጠብቅም።» ከዚያ ወደኔ ዞር አሉ። «አንቺስ እስከዳር፣ ይሄ ምንድን ነው? የበረዶ ነው?»

«የባሕር ነው፣ እትዬ።»

«ሰው ከባሕር ወጥቶ አላለቀም፣ አንቺ ልትገቢ» አሉና ቦርሳቸውን አንሥተው ወጡ።

ፔሩጃ ያን ያህል ሩቅ አይደለም፤ ባቡር አለ። ግን የሚረሳ ሽማግሌ ተትቶ በየሳምንቱ ሮም አይመጣም። እንድትሄድ አልፈለግኩም። ይህን ለራሴ አልደበቅኩም፤ ያቃተኝ መናገሩ ነው። አትሂጂ ብላት ትቀራለች። እናቴ የታዘዘችውን እምቢ ብላ አታውቅም። ከዚያ በኋላ የቀረችው ፈልጋ ይሁን ታዝዛ በምን አውቃለሁ? እንዲህ አስቤ ዝም አልኩ። ዝምታዬን ደግሞ እሷ በራሷ መንገድ ተረጎመችው።

በነጋታው ሳንቃውን ወደ ግቢው አውጥቼ መሞረድ ጀመርኩ። እናቴ መጥረጊያ ይዛ ተከተለችኝ። ፖሊስቲሮሎ ሲሞረድ ነጭ ፍሬ ፍሬ ሆኖ ይበተናል። ስትጠርገው ይሸሻል፤ ስታፍሰው እጇ ላይ ይጣበቃል፤ ከእጇ ስታራግፈው ቀሚሷ ላይ ይወጣል።

«ይሄ ነገር ሰይጣን አለበት» አለች።

«ኤሌክትሪክ ነው፣ እማ። ሲፋተግ ነው የሚፈጥረው።»

«እኔስ ምን አልኩ?»

ትንሽ ቆይታ ደግሞ ራቅ ብላ ቆመችና ጭንቅላቷን ዘመም አድርጋ አየችው።

«ግራው ወፍሯል።»

«አልወፈረም።»

«እሺ።»

ለካሁት፤ ወፍሯል። ግራውን ሞረድኩት፤ አበዛሁትና ቀኙ ወፈረ። ቀኙን ሞረድኩት። በዚህ ዓይነት ተራ በተራ ሳከሳው፣ ሳንቃው ካሰብኩት በላይ ሳስቶ፣ አሁንም ወደ አንድ በኩል ያጋደለ ሆነ። ብርጭቆ ወረቀቱን ወረወርኩት። እናቴ አንሥታ አራግፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።

«ነይ ቁጭ በይ፤ ፀጉርሽ በረዶ የወረደበት መስሏል» አለችኝ።

የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ። እሷ ከኋላዬ ሆና ፍሬዎቹን እያንዳንዳቸውን ከፀጉሬ መልቀም ጀመረች። ማበጠሪያ ቢሆን ባንድ ጊዜ ይወጡ ነበር። ግን አላልኩም። ጎረቤቶቻችን ባንግላዴሾቹ ልብስ እያሰጡ ነበር፤ ሴትየዋ እያየችን ፈገግ አለች።

«ሳስቷል ፀጉርሽ።»

«ዕድሜ ነው።»

«ምን ዕድሜ አለሽ ደግሞ አንቺ» አለች። ሌላ ፍሬ እየለቀመች፣ «ሲያልቅ የት ታስቀምጪዋለሽ፣ ይሄን ሳንቃ?»

«እዚሁ።»

«እዚህ ቦታ የለም።»

«ይገኛል።»

«እኔ ስሄድ ይገኛል» አለች። በክፋት አልነበረም፤ የዕቃ አቀማመጥ እያሰበች ነው። እጆቿም አላቆሙም።

«ቀጭን እኮ ነው፣ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል» አልኩ። መባል የነበረበት እሱ እንዳልሆነ ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ አውቄዋለሁ።

ሬዚን የሚፈስበት ቀን እሁድ ሆነ። ሬዚን የማር መልክ ያለው ወፍራም ፈሳሽ ነው፤ ከማጠንከሪያው ጋር ሲቀላቀል ቀስ እያለ ይይዝና በመጨረሻ እንደ ድንጋይ ይሆናል። እናቴ ቅዳሴ ሄዳ ሳለ ሳንቃውን ግቢው ውስጥ አጋድሜ የፋይበር ግላሱን ጨርቅ ከላይ አለበስኩት፤ ሬዚኑን አፈሰስኩ፤ በፕላስቲክ ካርድ እየገፋሁ አዳረስኩት። ጨርቁ ሲጠጣው ነጭነቱ ጠፍቶ መስታወት ይሆናል። በጣም የሚያምር ነገር ነው። ጥቂት ቆሜ አየሁት፤ ይህ የኔ ልማድ አይደለም።

ከዚያ ጓንቴ ተቀዶ እንደነበር አየሁ፤ ተጨማሪ ጓንትና ብሩሽ ያስፈልገኛል። የቻይናዎቹ ሱቅ እሁድም ክፍት ነው። መንገድ ላይ ሆኜ ለእናቴ ደወልኩላት።

«ቀድመሽኝ ከደረስሽ ግቢ ውስጥ ያለውን ሳንቃ እንዳትነኪው። እርጥብ ነው።»

«እሺ፣ አልነካውም» አለች።

የዘነጋሁት ግንቦት መሆኑን ነው። በግንቦት ሮም ውስጥ ከዛፎቹ እንደ ባዘቶ ያለ ነገር ይረግፋል፤ በአየር ላይ እየተንሳፈፈ ያገኘው ነገር ላይ ይጣበቃል። ስመለስ ግቢው በዚህ ባዘቶ ነጭ ሆኗል። ሳንቃው አይታይም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጠላ ለብሷል። ጠርዙ በዙሪያው በጥንቃቄ ተጠቅልሎ ገብቷል። እናቴ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚጠብቅ ሰው፣ ዝም ብላ ትጠብቃለች።

«እማ።»

«መጣሽ? ጥጡ ሲወርድበት ደረስኩ፤ ሊያበላሽብሽ ነው ብዬ...»

«ምን አደረግሽ?»

«አልነካሁትም» አለች። «ሸፈንኩት እንጂ አልነካሁትም።»

ለእናቴ እርጥብ ሆኖ እስኪይዝ ድረስ የሚቀመጥ ነገር ሁሉ ይሸፈናል። ሊጥ ይሸፈናል፤ እርጎ ይሸፈናል። ሳይሸፈን የተተወ ነገር ባለቤት የሌለው ነው። መሸፈኛው ደግሞ ንጹሕ መሆን አለበት፤ በዚያች ሰዓት ከነበራት ሁሉ ንጹሑ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ትከሻዋ ላይ የነበረው ነጠላ ነው። ይህን ሁሉ አሁን ነው የማስበው። ያኔ ያየሁት ነጠላው ሬዚኑን መጠጣት መጀመሩን ብቻ ነው። አንዱን ጫፍ ይዤ ሳብ አደረግኩ፤ የፋይበር ግላሱ ጨርቅ አብሮት ተነሣ። ለቀቅኩት።

«አንድ ቀን እንኳ ዝም ብለሽ መቀመጥ አትችይም?» አልኳት። «ማን አዘዘሽ? ሠራተኛዬ አይደለሽም እኮ።»

እናቴ ተነሣች። በርጩማውን ከመንገድ ዞር አደረገችው።

«አይደለሁም» አለችና ወደ ቤት ገባች።

መስኮቱ ክፍት ነበር። ስልኳን ስትደውል ሰማኋት።

«ወርቅነሽ፣ እኔ ነኝ። አሎራ፣ በቃ እሺ በያቸው። አዎ፣ ለሰኔ መጀመሪያ። ቫ ቤኔ፣ ጥሩ ነው። አይ፣ ደህና ነኝ፣ ትንሽ ጉንፋን ነው።»

ግቢው መሃል ቆሜ ቀረሁ። ሬዚን ሰው እስኪያስብ አይጠብቅም፤ መቀላቀያ ኩባያው ውስጥ የቀረው መሞቅ ጀምሯል፤ ሲሞቅ ሊይዝ ነው ማለት ነው። ሁለት መንገድ ነበረኝ። ሁሉንም ቀድጄ ማውጣትና ሳንቃውን መጣል፤ ወይም ነጠላውን እዚያው ትቼ በላዩ አዲስ ሬዚን ማፍሰስና እንደ ሁለተኛ ጨርቅ መቁጠር። ጥጥ ፋይበር ግላስ አይደለም፤ ብዙ ይጠጣል፣ ይከብዳል። ግን ይይዛል።

«እማ» ብዬ ጠራሁ። «ቶሎ ነይ እስቲ። ብቻዬን አልችልም።»

መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። እኔ ጓንት ዘረጋሁላት።

«አትንኪ ብለሽኛል» አለች።

«አሁን ንኪው።»

እኔ አዲስ ቀላቅዬ አፈሰስኩ፤ እሷ ነጠላውን በሁለት እጇ ከመሃል ወደ ዳር እየገፋች አለሰለሰችው። በሕይወቷ ስንት የሰው አልጋ እንዳነጠፈች እግዜር ይወቅ፤ እጇ የሚያውቀው እሱን ስለሆነ ጫፉን እንደ አንሶላ አጥፋ ሥር ልታስገባው ስትል እይዛት ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ ግን አመለጠችኝና እጥፋት ቀረ። እስከ ዛሬ አለ። ነጩ ቀስ በቀስ ጠፋ። ጥለቱ ብቻ ቀረ፤ አረንጓዴውና ወርቃማው ክር፣ ከውኃ በታች እንዳለ ነገር፣ ከበፊቱ ደምቆ ወጣ።

«ሄደ» አለች እናቴ፣ ነጠላውን ማለቷ ነው።

«እዚያው ነው። አይታይም እንጂ።»

ትንሽ ሠራን። ቀጥሎ፣

«እግርሽ የሚያርፈው በየትኛው በኩል ነው?» አለች።

«በዚሁ።»

«ቤተ ክርስቲያን የሚለበስ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። አሁን ልነቅለው አልችልም።»

አንድ ባዘቶ ሬዚኑ ላይ ሊያርፍ ሲል በትንፋሿ እፍ ብላ መለሰችው።

«እኔ ነኝ ያነጠፍኩት» አለች በመጨረሻ። «ኃጢአቱ የኔ ነው። አንቺ ቁሚበት።»

እጃችን ሁለታችንም ሬዚን ውስጥ ነው፤ ማናችንም ትተን መሄድ አንችልም ነበር። ይህ ሳይረዳኝ አልቀረም።

«ፔሩጃን እሺ አልሻቸው።»

«ሰማሽ?»

«መስኮቱ ክፍት ነው።»

«ሥራ ነው፣ ልጄ።»

«አትሂጂ» አልኳት።

እጇ አልቆመም፤ ፍጥነቱ ግን ቀነሰ። «ለምን?»

ከዩኒቨርሲቲ የተመረቅኩት ምክንያት በመደርደር ነው። ያን ጊዜ አንድም ምክንያት አልመጣልኝም፤ የመጣልኝ ይህ ነው፦

«ከቴሌቪዥን ጋር እንደምትጣይ አላውቅም ነበር።»

«ምን?»

«ያንን ጠያቂ ስትሰድቢው። ይህን ያህል ዓመት ልጅሽ ሆኜ አላውቅም ነበር። ሌላም የማላውቀው ይኖራል።»

እናቴ ሳቀች። ሳቋን ልትሸፍን እጇን ወደ አፏ ስትወስድ ጓንቱን አስታወስኳት።

«መልስ ሳይጨርሱ ያቋርጣቸዋል እኮ» አለች። «ስድ ነው።» ከዚያ ፊቷ ወደ ቁም ነገር ተመለሰ። «ስለጠየቅሽኝ ልቅር?»

«ስለጠየቅኩሽ አይደለም። ከፈለግሽ ነው።»

ከፈለግሽ ብሎ የጠየቃት ሰው ብዙ አይመስለኝም። ቃሉን ሰምታ ለጥቂት ጊዜ፣ የት እንደሚቀመጥ እንደማያውቁት ዕቃ፣ ያዘችው።

«ቃል ሰጥቻለሁ» አለች። «ላስብበት።»

ከዚያ በኋላ ስለዚህ አልተነጋገርንም። ሬዚኑ ያዘ። የታችኛውን ወገን በሌላ ቀን፣ በር ዘግቼና ነጠላ በሌለበት፣ ጨረስኩት። ጠርዙን ሞረድኩ፤ ከሥር የሚቆመውን ክንፍ አሰርኩ። እግር እንዳያንሸራትት ላዩ ላይ ሰም ይቀባል ስላት፣ እናቴ ከቦርሳዋ ጧፍ አወጣች።

«እማ፣ ቅድስና ሳይሆን መያዣ ነው የምፈልገው።»

«ሰም ሰም ነው» አለች፤ ጧፉን ግን መልሳ አስገባችው።

መሄዷንና አለመሄዷን ከሁኔታዋ ለማወቅ ሞከርኩ። ሻንጣዋ ሁልጊዜ የተዘጋጀ ስለሆነ ከሻንጣዋ ምንም ማወቅ አይቻልም። እትዬ ወርቅነሽ ሲደውሉላት ትወጣና ግቢው ውስጥ ታወራለች። ለመጠየቅ ስንት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ ስንት ጊዜ ዘጋሁት። አለመጠየቅ በዕድሜዬ የሠራሁት ከባዱ ሥራ ነው፤ ሳንቃውን ጨምሮ።

የግንቦት ወር ሊያልቅ ሲል ለተከታታይ ቀናት ከደቡብ ምዕራብ ነፈሰ። ነፋሱ ጋብ ያለው ቅዳሜ ነው፤ ማዕበሉ የሚጥመው ያኔ ነው። እናቴ ፔሩጃ መግባት የሚኖርባት ሰኞ ነበር።

«አብሬሽ ልምጣ?» አለች።

«ዝም ብለሽ ትቆሚያለሽ እኮ።»

«ሥራዬ ነው» አለች።

ሳንቃውን በአንሶላ ጠቅልለን ቴርሚኒ ሄደን ባቡር ተሳፈርን። ቲኬት ተቆጣጣሪው መጣና ረጅሙን ጥቅል አይቶ ምንድን ነው አለ። እኔ መልስ ሳልሰጥ እናቴ ቀደመችኝ።

«ታቮላ» አለችው። «ፋታ ኢን ካዛ።» ሲኞሮቹ የቤት ፓስታ ሲያቀርቡ «በቤት የተሠራ ነው» በሚሉበት ድምፅ ነው ያለችው። ሰውየው አንገቱን በአክብሮት ነቅንቆ አለፈ።

ሳንታ ማሪኔላ ስንደርስ ውኃው ላይ ጥቂት ልጆች ነበሩ። እናቴ አሸዋው ላይ ጫማዋን ሳታወልቅ ቆመች። እኔ ገባሁ።

ሳንቃው ይንሳፈፋል፤ ይህን በቅድሚያ ልናገር። ይከብዳል። ወደ ግራ ያጋድላል። የመጀመሪያው ማዕበል ሲመጣ ልቆም ስል ግራው ሰመጠና ተገለበጥኩ። በሁለተኛው ወደ ቀኝ አብዝቼ አጋደልኩ፤ ተገለበጥኩ። ቀጥሎ ያሉትን አልዘረዝርም። አጠገቤ ያለ አንድ ልጅ ጥለቱን አይቶ ማን እንደሣለው ጠየቀኝ፤ አልተሣለም፣ ልብስ ነው አልኩት፤ ሳይገባው ማዕበሉ ወሰደው።

አንድ ጊዜ ከውኃ ስወጣ ወደ ዳር አየሁ። እናቴ ስልክ ይዛለች። ወዲህና ወዲያ ትራመዳለች፤ ነፃ እጇ ይወራጫል። ነፋሱ ወደሷ ስለሚሄድ አንድም ቃል አይሰማኝም። እንደዚያ ቆማ ስትናገር ያየኋት ከዚያ ጠያቂ ጋር ስትጣላ ብቻ ነው። ዓይኔን እሷ ላይ እንዳደረግኩ ከኋላዬ ማዕበል መጥቶ ተደፋብኝ፤ ሳንቃውን ይዤ አሸዋው ላይ ተጣልኩ። ተነሥቼ፣ ውኃ እያስነጠሰኝ፣ ወደሷ ሄድኩ። ስልኩ ቦርሳዋ ውስጥ ገብቷል።

«ማን ነው?»

«ወርቅነሽ።»

«እና?»

«ሰኞ በየትኛው ባቡር ነው የምትሄጂው አለችኝ።»

አላቻኮልኳትም። ጥርሴን ነክሼ ነው። እግሬ ላይ የታሰረው የሳንቃው ገመድ ተጠላልፎ ነበርና እሱን መፍታት ጀመርኩ።

«አልሄድም አልኳት» አለች እናቴ። «ተቆጣች። ቃልሽ የት ሄደ አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ጠብቄያለሁ፣ አንዴ ባጥፍ ሰማይ አይወድቅም አልኳት። ለሽማግሌው አንዲት የጎንደር ልጅ አለች፤ የምትቸኩል፣ ሥራ የምትፈልግ። እሷን ውሰጂለት አልኳት።» ትንፋሽ ወሰደች። «እዚህ ሮም ውስጥ አ ኦሬ የሚሆን ካገኘሽ ደውዪ አልኳት። ካላገኘሽም ደውዪ፣ ሻይ እንጠጣለን።»

«እኔ ስላልኩሽ ነው?»

«አንቺማ ከፈለግሽ ነው ያልሽኝ።» ባሕሩን አየች። «ሰው ማንሣት ሰልችቶኛል። ሌሊት ሲጠሩኝ መነሣት ሰልችቶኛል። ደግሞ ያ መስኮትሽ መጋረጃ ያስፈልገዋል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ያየናል።»

ገመዱን ፈትቼ ጨርሼ ነበር፤ እንደገና አሰርኩት።

«እሺ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች። «ሂጂ ግቢ እንጂ። እስካሁን አንዴም አልቆምሽም፤ እያየሁሽ ነው።»

ገባሁ።